ለዓመታት የቆመ ጎልድ ዊንግ፦ ዕቃ ከመግዛትዎ በፊት ይለኩ

አሜሪካ ውስጥ ሞተር ሳይክል የሚወድ፣ ባለ ጋራዥ ቤት የሚኖር ሐበሻ ዓይኑ አሮጌ ጎልድ ዊንግ ላይ ቢያርፍ አይገርምም። ወንበሩ ሁለት ሰው ከነሻንጣው በምቾት ያስቀምጣል፤ ሞተሩም በአግባቡ ከተያዘ ከመቶ ሺህ ማይል በላይ ይሄዳል። ችግሩ ብዙ ጊዜ ለሽያጭ የሚወጣው ለዓመታት ቆሞ ከከረመ በኋላ መሆኑ ነው። «ባትሪ ብቻ ነው የሚፈልገው» ተብሎ ይሸጣል። ገዢው ባትሪ ይቀይራል፣ አይነሳም። ካንዴላ ይቀይራል፣ አሁንም አይነሳም። ካርቡሬተሩን ይፈታታል፤ ከዚያ በኋላ ትዕግሥቱ ያልቅና ሞተር ሳይክሉ በካርቶን ከታጨቁ ዕቃዎቹ ጋር ለሌላ ሰው ይተላለፋል። እንዲህ ተፈታቶ የሚጣለው ሞተር ሳይክል አብዛኛውን ጊዜ ትልቅ በሽታ የለበትም። የጎደለው ቴስተር ይዞ በቅደም ተከተል የሚመረምረው ሰው ነው።

ሆንዳ የመጀመሪያውን ጎልድ ዊንግ፣ ጂኤል1000ን፣ እ.ኤ.አ. በ1974 ጀርመን ኮሎኝ ከተማ ላይ አሳየ። አራት ሲሊንደሮቹ ሁለት ሁለት ሆነው ግራና ቀኝ የተጋደሙ፣ በውሃ የሚቀዘቅዝ፣ በሰንሰለት ፈንታ በሻፍት የሚነዳ ነበር። ጂኤል1100 በ1980 ተከተለ፤ ከዚያ ዓመት ጀምሮ ጎልድ ዊንግ ኦሃዮ ውስጥ ሜሪስቪል ላይ ይገጣጠም ጀመር። ጂኤል1200 ከ1984 እስከ 1987 ተሠራ። በ1988 የመጣው ጂኤል1500 ስድስት ሲሊንደር ስለሆነ እዚህ አልገባበትም። የምጽፈው ስለ አራት ሲሊንደሮቹ፣ በተለይም ስለ ጂኤል1200 ነው። የ1985ቱ ሊሚትድ እና የ1986ቱ ኤስኢአይ ካርቡሬተር የላቸውም፤ ነዳጅ የሚያገኙት በኢንጀክሽን ስለሆነ ስለ ካርቡሬተር የማነሳው እነሱን አይመለከትም።

ማስነሻውን ከመጫንዎ በፊት

ሞተር ሳይክሉን ጠፍጣፋና ጠንካራ ወለል ላይ በመሐል ማቆሚያው ያቁሙት። ጂኤል1200 ከነሻንጣው ከ300 ኪሎ በላይ ይመዝናልና ሲያቆሙት አጠገብዎ ሰው ይኑር። ጋራዥዎ ውስጥ በጋዝ የሚሠራ የውሃ ማሞቂያ ካለ ነዳጅ የሚነካ ሥራ ሁሉ ውጭ ይሠራ፤ የቤንዚን ትነት ከአየር ስለሚከብድ መሬት ለመሬት እየሄደ እሳቱ ጋ ይደርሳል። ሞተሩ በተነሳ ቁጥር የጋራዡ በር ሙሉ በሙሉ ይከፈት። የሆንዳ የራሱ፣ የክላይመር ወይም የሄይንስ የጥገና መጽሐፍ ይግዙ። የእያንዳንዱን ቡሎን የማጥበቂያ ልክ የሚነግርዎት እሱ ነው፤ በግምት የጠበቀ ቡሎን አሉሚኒየም ውስጥ ጥርሱን ይዞ ይወጣል።

አሁን ወደ ዋናው ማስጠንቀቂያ ልምጣ። ከፊት በኩል፣ ከራዲያተሩ ጀርባ፣ በክዳን ተሸፍነው ሁለት ጥርሳም የጎማ ቺንጋዎች አሉ። አንዱ የቀኙን ካምሻፍት፣ ሌላው የግራውን ያዞራል። በእነዚህ ሞዴሎች ላይ ቺንጋው ከተበጠሰ ወይም ጥርስ ከዘለለ ፒስተኑ የተከፈተውን ቫልቭ ይመታል፤ ቫልቩም ይታጠፋል። ጎማ ደግሞ ባይሠራም ያረጃል። ለአሥር ዓመት አንድ ቦታ ተጣጥፎ የቆመ ቺንጋ ላዩ ደህና መስሎ ጥርሱ ሥር የተሰነጠቀ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ቺንጋው መቼ እንደተቀየረ የሚያሳይ ደረሰኝ ከሌለ ሞተሩን ለሙከራ እንኳ አያስነሱ። ሻጩ «በቅርቡ ተቀይሯል» ቢልም ያለ ደረሰኝ አይቁጠሩት።

ቺንጋ መቀየር ጥንቃቄ እንጂ የተለየ ሙያ አይጠይቅም። የባትሪውን ነጌቲቭ ይንቀሉ፤ ካንዴላዎቹን በሙሉ ያውጡና ሞተሩ በእጅ በቀላሉ እንዲዞር ያድርጉ። ራዲያተሩን ማውረድ ሥራውን በጣም ያቀልለዋል። ክዳኖቹን ካነሱ በኋላ መጽሐፉ ባሳየው አቅጣጫ ክራንክሻፍቱን በቁልፍ ቀስ ብለው ያዙሩ። በመመልከቻው ቀዳዳ በኩል ቲ1 የሚለው ምልክት ከጠቋሚው ጋር ሲገጥም፣ በሁለቱም የካም ፑሊዎች ላይ ያሉት ምልክቶችም በየቦታቸው መግጠም አለባቸው። ካልገጠሙ አንድ ዙር ይጨምሩ። ሲገጥም ፎቶ ያንሱ፤ በነጭ ቀለምም ምልክት ያድርጉ። አሮጌው ቺንጋ ከወጣ በኋላ ክራንክሻፍቱን ጨርሶ አይንኩ፤ የካም ፑሊ በቫልቭ ሞላ ተገፍቶ በድንገት ሊፈናጠር ስለሚችል ጣትዎን ይጠብቁ። ሁለቱን ቺንጋዎች አንድ ላይ ይቀይሩ። የወጣሪውን ኩሽኔታ በጣትዎ ያዙሩት፤ ከሻከረ ወይም ከጮኸ እሱም ይቀየር። አዲሱ ከገባና ከተወጠረ በኋላ ሞተሩን በእጅ ሁለት ሙሉ ዙር ያዙሩና ምልክቶቹ ተመልሰው መግጠማቸውን ያረጋግጡ። በመሐል አንድ ነገር ድንገት እምቢ ካለ አይግፉት፤ ፒስተን ቫልቭ ነክቷል ማለት ነውና ወደ መጀመሪያው ምልክት ይመለሱ።

ኤሌክትሪኩ

ሞተር ሳይክሉ ሞቶ የተሸጠልዎት ከሆነ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ነዳጁ ሳይሆን ኤሌክትሪኩ ነው። ከ30 ዶላር የማይበልጥ ዲጂታል ቴስተር ለዚህ ሁሉ ይበቃል።

ባትሪውን ቻርጅ አድርገው ጥቂት ሰዓት ካሳረፉት በኋላ ይለኩ። 12.6 ቮልት አካባቢ ካለ ሙሉ ነው። ከዚያ ሌላ ሰው ማስነሻውን ሲጫን የባትሪውን ጫፎች እየለኩ ይመልከቱ፤ ከ9.5 ቮልት በታች ከወረደ ባትሪው አልቋል። ባትሪው ጤነኛ ሆኖ ሞተሪኖው የሚያቃስት ከሆነ ሞተሪኖ ለመግዛት አይሩጡ። የቴስተሩን አንድ ጫፍ በባትሪው ነጌቲቭ ላይ፣ ሌላውን በሞተሩ አካል ንጹሕ ብረት ላይ ያድርጉና ማስነሻው ሲጫን ያንብቡ። ከግማሽ ቮልት በላይ ካሳየ ጉልበቱ የሚጠፋው ከባትሪው ነጌቲቭ ወደ ሞተሩ አካል በሚሄደው የማሳ ገመድ ላይ ነው፤ ጫፉን ፈትተው በብርጭቆ ወረቀት ያጽዱት። ከባትሪው ፖዘቲቭ እስከ ሞተሪኖው ድረስ ያለውንም እንዲሁ ይለኩ። መቶ ዶላር የተከፈለበት ብዙ ሞተሪኖ ለአንድ የዛገ ገመድ ጫፍ ነው የተገዛው።

በሞተሪኖው ሪሌ አጠገብ ያለው ዋናው ፊውዝ የ30 አምፔር ነው። መደበኛ ፊውዝ አይምሰልዎት፤ በሁለት ትናንሽ ብሎኖች የታሰረ ስስ ብረት ነው፤ ባለቤቶቹም ከቅርጹ የተነሳ የውሻ አጥንት ይሉታል። ከዘመናት ንዝረት በኋላ መሐሉ ላይ ፀጉር የማያሳልፍ ስንጥቅ ያበጃል፤ ለዓይን ደህና ይመስላል። ሞተር ሳይክሉ መንገድ ላይ ድንገት ሁሉ ነገሩ ጠፍቶ፣ ቆይቶ ደግሞ ራሱ ተመልሶ የሚነሳ ከሆነ መጀመሪያ እዚህ ይመልከቱ። ይህን አውጥተው በማንኛውም የመኪና ዕቃ ሱቅ የሚገኝ የ30 አምፔር ፊውዝ ከነመያዣው ቢተኩለት ለዘለቄታው ይገላገላሉ።

ሞተሩ ከተነሳ በኋላ የሚለካው ደግሞ ቻርጁ ነው። ሞተሩን ወደ 3000 ዙር ከፍ አድርገው ባትሪው ላይ ያንብቡ። ከ13.5 እስከ 14.8 ቮልት ባለው መካከል መሆን አለበት። ከ15 ካለፈ ቮልቱን የሚቆጣጠረው ሬጉሌተር ተበላሽቷል፤ ባትሪውን ቀቅሎ ይገድለዋል። እዚያው 12 ላይ ከቀረ ቻርጅ የለም፤ ያኔ ወደ ሦስቱ ቢጫ ገመዶች ይሂዱ።

የጂኤል1200 ትልቁ ድክመት ያለው እነዚህ ገመዶች ጋ ነው። ሦስቱ ቢጫ ገመዶች ኤሌክትሪክ ከሚያመነጨው ስቴተር የሚወጣውን ኃይል ወደ ሬጉሌተሩ ይወስዳሉ፤ በባትሪው አቅራቢያ፣ በጎን ክዳኑ ውስጥ፣ በአንድ ነጭ የፕላስቲክ መያያዣ ይገናኛሉ። መያያዣውን በእጅዎ ይዘው ያገላብጡት። ጤነኛው ነጭ ነው። የታመመው ግን በአንደኛው ገመድ ዙሪያ እንደተጠበሰ ዳቦ ቡናማ ሆኗል፤ ሲብስ ፕላስቲኩ ቀልጦ ከገመዱ ጋር ተጣብቋል፤ ገመዱም ጥቂት ኢንች ያህል ወደ ውስጥ ድረስ ደርቆ ሲታጠፍ ይሰነጠቃል። ምክንያቱ ግልጽ ነው፦ የዛገ መያያዣ ኃይሉን ይገድባል፤ የተገደበው ኃይል ሙቀት ይሆናል፤ ሙቀቱ ዝገቱን ያባብሰዋል። መፍትሔው መያያዣውን ጨርሶ ቆርጦ መጣል ነው። የተቃጠለውን ገመድ የሚያብረቀርቅ መዳብ እስኪታይ ድረስ ይቁረጡ፤ ሦስቱን ገመዶች ከሦስቱ ጋር በሊድ ይበይዱና በሙቀት የሚጠብቅ ቱቦ ያልብሷቸው። ሦስቱም ቢጫ ስለሆኑ የትኛው ከየትኛው እንደሚገናኝ ለውጥ የለውም። ይህን ሥራ ሞተር ሳይክሉ ምንም ችግር ባይኖርበትም እንኳ እንዲሠሩት እመክራለሁ።

ገመዶቹን ከመበየድዎ በፊት ግን ስቴተሩን ይፈትኑ። ከሬጉሌተሩ ተለያይተው ሳለ እያንዳንዱን ቢጫ ገመድ ከሞተሩ አካል ጋር በኦም ይለኩ፤ ምንም መተላለፍ ሊኖር አይገባም። አንዱ እንኳ ከማሳ ጋር ከተነካካ ስቴተሩ ሞቷል። ቀጥሎ ሞተሩን አስነስተው ቴስተሩን ወደ ኤሲ ቮልት ያዙሩና ገመዶቹን ሁለት ሁለት እያደረጉ ይለኩ። ሦስቱ ንባቦች እኩል ሊሆኑ ይገባል፤ ዙሩ ሲጨምርም እኩል መጨመር አለባቸው። አንዱ ከሁለቱ ዝቅ ካለ ስቴተሩ እየሞተ ነው። ሦስቱም ደህና ሆነው ባትሪው ቻርጅ ካላገኘ ጥፋቱ የሬጉሌተሩ ወይም ከእሱ በኋላ ያለው ገመድ ነው።

ቀዝቃዛው ሲሊንደር

ሞተሩ ተነስቶ ካነከሰ፣ አራቱም ሲሊንደሮች እየሠሩ እንዳልሆነ ይወቁ። የትኛው እንደቆመ ለማወቅ ቀዝቃዛውን ሞተር አስነስተው አንድ ደቂቃ ያህል ካሠሩት በኋላ በአራቱ የጭስ ቱቦዎች ላይ፣ ሞተሩ አፍ አጠገብ፣ አንዳንድ ጠብታ ውሃ ያንጠባጥቡ። ውሃው ቸስ ብሎ የማይጠፋበት ቱቦ የቆመው ሲሊንደር ነው።

ቀጥሎ ቁጥሩን ይዩ። 1 እና 3 በቀኝ፣ 2 እና 4 በግራ ናቸው፤ 1 እና 2 ከፊት፣ 3 እና 4 ከኋላ። ሞተሩ ሁለት ቦቢና አለው፤ አንዱ ለፊቶቹ፣ ሌላው ለኋላዎቹ እሳት ይሰጣል። ስለዚህ ሁለቱ የፊት ወይም ሁለቱ የኋላ ቱቦዎች አብረው ከቀዘቀዙ ካርቡሬተሩን አይንኩ፤ ቦቢናውን፣ ወደ እሱ የሚመጣውን ገመድና ምልክት የሚሰጠውን ክፍል ይመርምሩ። አንዱ ብቻ ከቀዘቀዘ ካንዴላውን ያውጡ። በቤንዚን ከረጠበ ነዳጅ ደርሶታል፣ እሳት ግን አላገኘም፤ ካንዴላውን ከጤነኛው ሲሊንደር ጋር አቀያይረው ይሞክሩ። ችግሩ ካንዴላውን ተከትሎ ከሄደ ካንዴላው ነው፤ ካልሄደ የኮፍያው ወይም የገመዱ ነው። ደረቅ ከሆነ ግን ነዳጅ አልደረሰውም፤ እዚህ ጋ ነው የካርቡሬተሩ ተራ የሚመጣው።

ወደ ካርቡሬተሩ ከመሄድዎ በፊት ኮምፕሬሽን መለካት ብልህነት ነው። ከቁጥሩ ከፍታ ይልቅ አራቱ መቀራረባቸውን ይመልከቱ። አንዱ ከሌሎቹ በጣም ከወረደ የታጠፈ ወይም የማይዘጋ ቫልቭ ሊኖር ስለሚችል፣ ካርቡሬተር ቢታጠብም ሲሊንደሩ አይነሳም።

ነዳጁ

በጎልድ ዊንግ ላይ ከፊት ያለው የነዳጅ ታንክ የሚመስለው ነገር ታንክ አይደለም፤ ውስጡ የአየር ማጣሪያና የኤሌክትሪክ ዕቃ ነው ያለው። እውነተኛው የነዳጅ ታንክ ክብደቱን ዝቅ ለማድረግ ከወንበሩ ሥር ተቀምጧል። ክዳኑን ከፍተው ያሽትቱ። ቤንዚን ሳይሆን ቫርኒሽ ከሸተተ ሁሉንም ያውጡት፤ «ከአዲስ ጋር ይቀላቀላል» ብለው አይተውት። ማጣሪያውንና የነዳጅ ጎማዎቹን በሙሉ ይቀይሩ። ነዳጁን የሚገፋው በካምሻፍት የሚሠራ ፖምፓ ነው። ወደ ካርቡሬተሩ የሚሄደውን ጎማ ነቅለው በጠርሙስ ውስጥ ያድርጉና ሞተሩን ያዙሩ፤ ቤንዚኑ ትር ትር እያለ መውጣት አለበት። እሳት ማጥፊያ አጠገብዎ ይኑር።

አራቱ ኬይሂን ካርቡሬተሮች ላይ መጀመሪያ የሚደፈነው ሚኒሞውን የሚመግበው ትንሹ ጀት ነው። ምልክቱ የታወቀ ነው፦ በቾክ ይነሳል፣ ቾኩ ሲመለስ ይጠፋል፤ ጋዝ ከተሰጠው ደግሞ በደንብ ይሄዳል። ሞተሩ እየሠራ ከሆነ ከመፍታትዎ በፊት የነዳጅ ሥርዓት ማጽጃ ቤንዚኑ ላይ ጨምረው አንድ ሁለት ታንክ ይሞክሩ፤ ቀለል ያለ ድፍን ይከፈታል። ካልተከፈተ አራቱን ካርቡሬተር እርስ በርስ ሳይለያዩ እንዳሉ አንድ ላይ ያውርዷቸው። መነጽር አድርገው ማጽጃውን በእያንዳንዱ ቀዳዳ ይርጩ፤ በሌላኛው ጫፍ ፈሳሹ ቀጭን ሆኖ ሲወጣ ካላዩ ቀዳዳው አልተከፈተም። ጀቱን በብረት ሽቦ አይጎርጉሩት፤ ከጀቱ ናስ የሚለሰልስ አንድ የመዳብ ክር ይበቃል። የተንሳፋፊውን መርፌ፣ ኦሪንጎቹንና ጓርኒሲዮኖቹን ይቀይሩ። መልሰው ሲገጥሙ ካርቡሬተሩን ከሞተሩ ጋር የሚያገናኙት ቱቦዎች ጎማና ኦሪንግ አዲስ ይሁን፤ እዚያ የሚገባ ትርፍ አየር ሚኒሞውን ያዘልለዋል፣ ሰውም ካርቡሬተሩ በደንብ አልታጠበም ብሎ እንደገና ይፈታዋል። መጨረሻ ላይ አራቱን በቫኪዩም መለኪያ ያስተካክሉ።

ፍሬንና ጎማ

ይህ በርዝመት አጭር ነው፤ ግን የሚዘለል አይደለም። ከ300 ኪሎ በላይ የሚመዝን ነገር የሚያቆመው ይህ ነው። የፍሬን ዘይት ከአየር እርጥበት ይስባልና በየሁለት ዓመቱ ይቀየራል። ለዓመታት የቆመውን ቡና መስሎ ያገኙታል። ዘይቱን ብቻ ቀይረው አይለፉት። ሞተር ሳይክሉን ሲገፉት ጎማው ከያዘ ወይም ከትንሽ ጉዞ በኋላ ዲስኩ ከጋለ፣ የፍሬኑ ማስተር ሲሊንደር ውስጥ ያለችው ትንሿ የመመለሻ ቀዳዳ ተደፍናለች ወይም የፍሬኑ የጎማ ቱቦ ከውስጥ አብጧል። ካሊፐሮቹን ይፍቱ፣ የጎማ ቀለበቶቹን ይቀይሩ፤ የፍሬኑ ቱቦዎች የመጀመሪያዎቹ ከሆኑም ይቀየሩ። በጂኤል1200 ላይ የእግር ፍሬኑ የኋላውን ብቻ ሳይሆን አንዱን የፊት ዲስክም ይይዛል፤ አየር ሲያስወጡ ሁለቱንም ጫፎች ያስወጡ።

የጎማውን ዕድሜ በጎኑ ላይ ዲኦቲ ከሚለው በኋላ ያሉት የመጨረሻ አራት ቁጥሮች ይነግሩዎታል። 2318 ማለት በ2018 23ኛው ሳምንት የተሠራ ማለት ነው። ቁጥሩ ሦስት ብቻ ከሆነ ጎማው ከ2000 በፊት የተሠራ ነው፤ ጥርሱ ምንም ያህል ቢያምር በዚያው ቀን ይጣል።

የኋላው ጎማ በወጣ ጊዜ የሻፍቱን ጥርሶች ሞሊብዲነም ባለው ግራሶ ይቀቡ። የሞተር ዘይቱ ፍሪሲዮኑንም ስለሚያጥብ ለሞተር ሳይክል የተሠራ፣ ጄኤሶ ኤምኤ የሚል ይሁን። የራዲያተሩ ውሃ ይቀየር፤ ከሞተሩ ሥር ካለችው ትንሽ የማንጠባጠቢያ ቀዳዳ ውሃ ከታየ የውሃ ፖምፓው ማሸጊያ እየለቀቀ ነው። በጂኤል1200 ላይ ቫልቩ ራሱን በዘይት ግፊት ስለሚያስተካክል አይነካም፤ በጂኤል1000 እና በጂኤል1100 ላይ ግን በፊለር መስተካከል አለበት።

የማይሠራው የትኛው ነው

በቤት ውስጥ የማይሠራ የሚባል የለም፤ ዋጋ የማያወጣ ግን አለ። የጂኤል1200 ስቴተር ከሞተሩ ኋላ በኩል ስለተቀመጠ ለመቀየር ሞተሩ ከሻሲው መውረድ አለበት። አንዳንዶች ይህን ለመሸሽ የመኪና ዲናሞ ከፊት አስረው በቺንጋ ያሠሩታል፤ ብዙዎች ተሳክቶላቸዋል፤ ነገር ግን ጥሩ ቅንፍና ጥንቃቄ ይጠይቃል። እኔ የምለው ይህ ነው፦ ስቴተሩ የሞተ ጂኤል1200 ኮምፕሬሽኑ እኩል፣ ሻሲው ቀጥ ያለ፣ ቺንጋውም ጤነኛ ከሆነ ሞተሩን ማውረድ ይገባዋል። ቺንጋው ተበጥሶ ቫልቩ የታጠፈ ግን በማንኛውም ዋጋ ቢሰጥዎት ለዕቃ እንጂ ለመንዳት አይግዙት፤ በዚያው ገንዘብ ቺንጋው በጊዜ የተቀየረ ሌላ ጎልድ ዊንግ ያገኛሉ።